ጅብና አህያ በአንድ አውሮፕላን

አንድ ጊዜ፣ ጎርፍ ድልድይ ጠራርጎ በወሰደበት ክረምት፣ ጅብና አህያ በአንድ አውሮፕላን ለመሳፈር ተገደዱ። አራዊቱ አውሮፕላን ከየት አመጡ የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጅብ አፍ አውጥቶ ሲናገር ያልገረመው ሰው ሲሳፈር ሊገርመው አይገባምና ወደ ነገራችን እንለፍ።

የጠቡ መነሻ ምንጭ ናት። በአህዮች መስክ ግርጌ አንዲት ንጹሕ ምንጭ ትፈልቅ ነበር። አንድ ቀን አያ ጅቦ መጣና ምንጯ አፍ ላይ ተጋደመ። «ይህች ምንጭ የአያቴ ናት» አለ። አያቱ ማን እንደነበሩ አያውቅም፤ እንዲህ በል ብሎ ያስጠናው ነገረ ፈጁ ቀበሮ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሊጠጣ የመጣ አህያ ሁሉ ወይ ጥሙን ይዞ ይመለሳል፣ ወይ ጅራቱን ጥሎ። የውርንጭሎቹ ከንፈር በጥማት ተሰነጣጠቀ። በመጨረሻ እመት አህዪት የምትባል፣ ሦስት ውርንጭሎች ያሏትና ከቀበሌዋ ርቃ የማታውቅ አህያ፣ ለንጉሡ ለአንበሳ አቤት አለች።

አንበሳ ችሎት የሚያስችለው ከትልቁ ገደል ማዶ ባለው ከተማው ነበር። መጥሪያ ላከ። «ሁለታችሁም በመጪው ማክሰኞ ቀትር ላይ ፊቴ ቅረቡ። ያልቀረበ ወገን ምንጯን ያጣል» ይላል መጥሪያው።

መጥሪያው በደረሰ ማግስት ጎርፉ የገደሉን ድልድይ ወሰደው። ገደሉን በእግር ለመዞር አሥራ አንድ ቀን ይፈጃል፤ ለማክሰኞ የቀረው ግን አምስት ቀን ነው። ስለዚህ የሰማዩ መንገድ ብቻ ቀረ።

ቀበሮ ይህን እንደሰማ ጅራቱን እየወዘወዘ ወደ ጅብ ሄደ። «አህያዋ ካልተሳፈረች ክርክሩ ሳይጀመር አለቀ» አለው። «እኔ አስቀራታለሁ። አንተ ከቁጥቋጦው ጀርባ ሆነህ አድምጥና ሳቅ።»

እመት አህዪትን ከመስኩ ዳር አገኛት። ከንፈሩን እየመጠጠ ሰላም አላት።

«በአውሮፕላን ልትሄጂ ነው አሉ፤ አዘንኩልሽ» አለ።

«ምነው? አንተ በረህ ታውቃለህ ወይ?» አለች።

«እኔማ ሰባት ጊዜ በርሬአለሁ። ስምንተኛውን አልቆጥረውም፤ ተኝቼ ነበር።»

«እስቲ ንገረኝ፤ ምን ይገጥመኛል?»

ቀበሮ አጠገቧ ቁጢጥ አለ። «ገና ስትገቢ ሚዛን ላይ ያወጡሻል። ከሁሉም የከበደው ተሳፋሪ ይመዘገባል። ሰማይ ላይ አውሮፕላኑ የደከመው እንደሆነ በሩ ይከፈትና ያ ይወረወራል።»

ከቁጥቋጦው ጀርባ ጅብ አፉን በመዳፉ ይዞ ሳቀ።

«ከዚያ ወገብሽን በቀበቶ ያስሩሻል» ቀጠለ ቀበሮ። «መክፈቻውን የሚያውቀው ካፒቴኑ ብቻ ነው። ካፒቴኑ ደግሞ አርጅቷል፤ ይረሳል።»

ጅብ አሁንም ሳቀ፤ የአሁኑ ሳቅ ግን አጠር ያለ ነው።

«ወደ ላይ ሲወጣ ጆሮ ይፈነዳል። የኤሊ ጆሮ ቢሆን ግድ የለም። የአንቺ ግን...» አለና ጆሮዎቿን ከሥር እስከ ጫፍ በዓይኑ ለካቸው።

ጅብ የራሱን ጆሮ ዳሰሰ።

«የከፋው ሽንት ቤቱ ነው» አለ ቀበሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቁልፉን ስትነኪው አፉን ከፍቶ ይጮሃል። የተቀመጠበትን ስቦ ወደ ደመና ይተፋዋል። አጎቴን ያጣሁት በዚህ ነው።»

ከቁጥቋጦው ጀርባ አሁን ምንም ድምፅ የለም። አያ ጅቦ የጀርባው ጠጉር ቀጥ ብሎ ቆሟል።

እመት አህዪት ወደ ቤቷ ስትሄድ ቀበሮ እየተጎማለለ ወደ ቁጥቋጦው መጣ። ጅብ ግን አልሳቀለትም።

«ያልካት ነገር እውነት ነው?» አለው።

«ውሸት ነው እንጂ። እሷን ለማስፈራራት ያልኩት ነው።»

«ታዲያ እውነቱ ምንድን ነው?»

ቀበሮ ግን እውነቱን አያውቅም። ሰባት ጊዜ ይቅርና ግማሽ ጊዜ እንኳ በርሮ አያውቅም። «እውነቱን እዚያው ስትደርስ ታየዋለህ» አለ። ይህ መልስ ጅብን ከውሸቱ ሁሉ ይበልጥ አስፈራው።

እመት አህዪት ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። ውርንጭሎቿ ጤዛ ሲልሱ ቆማ አየቻቸው። ብትሄድ ጆሮዋ ይፈነዳል፤ ብትቀር ልጆቿ በጥም ያልቃሉ። ብዙ ካሰበች በኋላ፣ ሾላ ዛፍ ላይ ወደምትኖረው ወደ አሮጊቷ ጦጢት ሄደች። እማማ ጦጢት ከተማ የሚኖር ልጅ ስላላት በየዓመቱ በአውሮፕላን ትመላለሳለች፤ ነገሩን ሁሉ ሰው እስኪሰለቸው ታወራለች። አሁን ግን የሚሰለች ሳይሆን የሚጠይቅ መጣላት።

«እማማ፣ አላፍርም፤ ምንም አላውቅም። ሚዛን ላይ ያወጡኛል?» አለች አህያ።

«ሚዛኑ የሻንጣ ነው ልጄ። አንቺን ማን ይመዝንሻል?»

«ቀበቶውስ?»

«ምላሱን አፉ ውስጥ ትከቺዋለሽ፤ ቀጭ ይላል። ክዳኑን ቀና ስታደርጊው ይፈታል። ከበርሜል ክዳን ይቀላል።»

«ጆሮዬስ?»

«ይደፈናል እንጂ አይፈነዳም። ምራቅሽን ዋጪ፣ አዛጊ። የአንቺ ትልቅ ስለሆነ ትንሽ ይቆያል እንጂ ይከፈታል።»

አህያ ወዲያና ወዲህ ተመለከተች። «ሽንት ቤቱስ?»

እማማ ጦጢት ከቅርንጫፉ እስክትወድቅ ሳቀች። «ይጮሃል። መጮህ ብቻ ነው። እኔ የመጀመሪያ ቀን በሩን ገንጥዬ ነው የወጣሁት። አሁን ግን እያንጎራጎርኩ እቀመጥበታለሁ። ደመና ውስጥ ሲገባ ደግሞ ይንገጫገጫል። ጋሪ ጎትተሽ ኮረኮንች ላይ ሄደሽ ታውቂ የለ?»

«ዕድሜዬን ምን ስሠራ ኖርኩና።»

«እንግዲያው ያው ነው፤ ልዩነቱ ጋሪው አንቺን መጎተቱ ነው። ሁለት ሰዓት ቀድመሽ ድረሺ። ያልገባሽን ጠይቂ። እዚያ ቤት ጠይቆ ያፈረ አላየሁም፤ ሳይጠይቅ የተዋረደ ግን ሞልቷል።»

«ይህን ሁሉ ካወቅሁ አልፈራም ማለት ነው?»

«ትፈሪያለሽ እንጂ። እኔም እስካሁን እፈራለሁ። ፈርተሽ ትቀመጫለሽ፣ ይነሣል፣ ይወርዳል። አውሮፕላኑ ያንቺን ድፍረት አይጠብቅም።»

ማክሰኞ ማለዳ እመት አህዪት ከሁሉ ቀድማ አውሮፕላን ማረፊያው ደረሰች። ጉሬዛ ጥቁርና ነጩን ለብሶ፣ የመሳፈሪያ ወረቀት የሚሰጥበት ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል። ሁሉንም ጠየቀችው፤ በየት በር እንደምትወጣ፣ የት እንደምትጠብቅ፣ ስሟ ሲጠራ ምን እንደምትል። መለሰላት። ፍተሻው ጋ ጃርት እሾኋን ካላስቀመጠች አታልፍም ተብላ ከዝንጀሮ ጋር ስትከራከር ነበር። አህያ ግን ምንም የሚወጋ ነገር ስላልያዘች ወዲያው አለፈች።

ጅብና ቀበሮ በሩ ሊዘጋ ሲል እየሮጡ መጡ። ጅብ በአጥንት የተሞላ ትልቅ የቆዳ ሻንጣ ተሸክሟል። ሚዛኑን ሲያይ ወደ ኋላ ዘለለ።

«እኔ ቀላል ነኝ» አለ። «ከእሑድ ጀምሬ አልበላሁም። ዓይኔን እዩት፣ ገብቷል።»

«ሚዛኑ ለሻንጣው ነው» አለ ጉሬዛ። «እሱም ከብዷል። ከውስጡ የሆነ ነገር ይቀነስ።»

ጅብ ችግር አልሆነበትም። ሻንጣውን እዚያው ከፍቶ አጥንቱን ሁሉ ቆረጣጠመው። ሻንጣውም የላም ቆዳ ነበርና አስከተለው። አፉን ጠርጎ ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ከሄደ በኋላ ድንገት ቆመ። ክብደቱ ሁሉ አሁን የት እንደገባ ያን ጊዜ ገባው።

«ወዳጄ» አለው ቀበሮን፣ «አሁን ከሁሉም የከበድኩት እኔ ነኝ።»

«ሆድህን ወደ ውስጥ ሳብ» አለው ቀበሮ። ሌላ ምክር አልነበረውም።

ውስጥ ሲገቡ ቀበሮ ያየውን ማመን አቃተው። እመት አህዪት በመስኮቱ በኩል ቀበቶዋን አስራ ተቀምጣለች። ጉሬዛ ነገር ስለሚወድ ጅብን ከእሷ ቀጥሎ፣ ቀበሮን ደግሞ ከዳር መድቧቸዋል። አስተናጋጇ ሰጎን ነበረች። ወፍ ሆና መብረር ስላቃታት ቢያንስ ከሚበር ነገር ጋር ልዋል ብላ የተቀጠረች ናት። መተላለፊያው መሐል ቆማ አንገቷን ቀና አደረገች።

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አለች። «በዚህ በረራ ላይ ተሳፋሪ ተሳፋሪን መብላት ክልክል ነው። ቁርስ እናቀርባለን።»

ጅብ ቀበቶውን ሲያይ እጁን ከኋላው ደበቀ። «አልታሰርም። መክፈቻውን የሚያውቀው ካፒቴኑ ብቻ ነው፤ እሱም ይረሳል።»

«አያ ጅቦ፣ እየኝ» አለች አህያ። ቀጭ አድርጋ አሰረች፣ ቀና አድርጋ ፈታች፣ መልሳ አሰረች። ጅብ አምስት ጊዜ ሞከረና ልክ እንደ ልጅ ደስ አለው። ቀበሮ ግን ሰባት ጊዜ በርሬአለሁ ብሎ እንዴት ይጠይቅ። የቀበቶውን ሁለት ጫፎች ወስዶ ሆዱ ላይ እንደ ነጠላ ቋጠራቸው።

«የመጀመሪያዎ ነው ጌታዬ?» አለችው ሰጎን።

«ስምንተኛዬ ነው» አለ ቀበሮ ወደ ጣሪያው እያየ።

አውሮፕላኑ ተንደረደረ። ዛፎቹ ወደ ኋላ ሮጡ። የሁሉም ጀርባ መቀመጫው ላይ ተለጠፈ፤ ከዚያ የመንኮራኩሩ ጩኸት ቆመና መሬት ከሥራቸው ሄደች። እመት አህዪት ፈራች። ፈርታም በመስኮቱ ተመለከተች። መስኩ እንደ አንድ ቅጠል ሆኗል፤ በግርጌውም አንዲት የምታበራ ነጥብ አየች። ምንጯ ናት። ልጆቿ ያችን በምታክል ነገር ዙሪያ ምላሳቸውን አውጥተው መዋላቸው አስገረማት፤ አናደዳትም።

«ጆሮዬ» አለ ጅብ ራሱን ይዞ። «ሊፈነዳ ነው። ደፈነኝ።»

«ዋጥ አድርግ» አለችው አህያ።

ጅብ ዘወር ብሎ ከሰኮናዋ እስከ አንገቷ አያት። «ምን ልዋጥ?»

«ምራቅህን» አለች ቶሎ ብላ።

ዋጠ። ጆሮው ጧ ብሎ ተከፈተ። ጅብ ቀበሮን በክርኑ ጎሰም አድርጎ «አልፈነዳም እኮ» አለው። ቀበሮ አልሰማም፤ የእሱ እንደተደፈነ ነው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቀበሮ ሽንቱ መጣ። ቋጠሮውን መፍታት አቅቶት ሰጎን መቀስ አምጥታ ቆረጠችለት። ወደ ኋላ ሄዶ ሽንት ቤቱ ውስጥ ገባ። በሩ ተዘጋ። ትንሽ ቆይቶ ያ የታወቀው ጩኸት ተሰማ፤ ቀጥሎ የቀበሮ ጩኸት፤ ቀጥሎም በሩ ወለል ብሎ ተከፈተና ቀበሮ እየተንከባለለ መተላለፊያው መሐል ወደቀ። ጅራቱ እርጥብ ነበር። ሁሉም መንገደኛ ዞሮ አየው። እንደ ቀበሮ ያለ ነገር በልቡ ምን እንደሚያስብ አይታወቅም፤ ነገር ግን ሌሎቹ የሰሙት «አጎቴ፣ አጎቴ» ሲል ነው።

ጅብ ይህን ሲያይ የሽንት ቤቱ ነገር እውነት ነው ብሎ ደመደመ። የሽንት ቤቱ እውነት ከሆነ ደግሞ የመወርወሩም እውነት ነው።

ልክ በዚህ ሰዓት አውሮፕላኑ ደመና ውስጥ ገባ። አንድ ጊዜ ተናጠ፤ ሁለተኛ ጊዜ ቁልቁል ዝቅ አለ። የካፒቴኑ የንስር ድምፅ ከላይ መጣ። ንስር ክንፉን ሪህ ከያዘው ወዲህ ነው ወደ አውሮፕላን የዞረው። «ትንሽ ያንገጫግጨናል፤ ቀበቶ እሰሩ» አለ እንቅልፍ እንደያዘው ሽማግሌ።

ጅብ አልቻለም። «እኔን አትወርውሩኝ» ብሎ ጮኸ። «ከብጃለሁ፤ አውቃለሁ። ግን ምንጯን እመልሳለሁ። የአያቴ አይደለችም፤ አያቴን አላውቃቸውም። ይህን ሁሉ ያስጠናኝ ቀበሮ ነው። እሷንም ሊያስቀራት የዋሻት እሱ ነው፤ እኔ ከቁጥቋጦ ጀርባ ነበርኩ። መወርወር ካለበት እሱን ወርውሩት። ቀጭን ቢሆንም ነገሩ ከባድ ነው።»

አርባ መንገደኛ ጆሮውን አቀና።

እመት አህዪትም ታውቃለች፤ አጠገቧ ያለው የዘመዶቿን ጅራት የነከሰው ጥርስ ነው። ግን መዳፉ የመቀመጫውን ጫፍ ጨምድዶ መያዙን አየችና ሰኮናዋን አኖረችበት።

«አያ ጅቦ፣ ማንም አይወረውርህም። ኮረኮንች ነው፤ ያልፋል» አለችው።

ጅብ ሰኮናዋን ያዘ። ደመናው አልፎ፣ ቁርስ ቀርቦ፣ ጎማው መሬት እስኪነካ ድረስ አልለቀቀም። ቁርሱን እንኳ በአንድ እጁ በላ።

ቀትር ላይ ሁሉም ችሎት ቀረቡ። አንበሳ ክሱን ሰማ፤ መንገደኞቹም አውሮፕላን ላይ የሰሙትን መሰከሩ። ቀበሮ ግን ጅራቱን አድርቆ፣ ምላሱን ስሎ ተነሣ።

«ጌታዬ» አለ፣ «ቃሉ የተሰጠው ሰማይ ላይ ነው። የእርስዎ ግዛት ምድር ነው። ደግሞም ከፍታ አእምሮ ያዞራል። እኔ ሰባት ጊዜ በርሬ አይቻለሁ፤ ሰማይ ላይ የተነገረ ነገር መሬት ሲነኩ ይሰረዛል። ይህ የታወቀ ነው። እርስዎም ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል።»

አንበሳ ጺሙን ዳሰሰ። በርሮ አያውቅም፤ በርሮ አለማወቁን ደግሞ ችሎቱ እንዲያውቅበት አልፈለገም። «አዎ፣ እንደሚታወቀው...» ብሎ ጀመረ።

እመት አህዪት ምንጯ በዚያች ቃል ልትሄድ መሆኑን አየች። ወደ ፊት ወጣች።

«ጌታዬ፣ እኔ የመጀመሪያዬ ነው፤ አላውቅም» አለች። «የሚያውቅ ግን በደጅ አለ። ካፒቴኑ ይጠየቅ።»

ንስር ክንፉን እየጎተተ ገባ። ጥያቄው ሲነገረው ዓይኑን ጨፍኖ አሰበ። «ሠላሳ ዓመት በርሬአለሁ» አለ። «ባለቤቴን አግቢኝ ያልኳት ሰማይ ላይ ነው። እስካሁን አልተሰረዘም።»

ችሎቱ በሳቅ ተናጋ። ሰጎንም አንገቷን በበሩ አስግጋ «ሰባት ጊዜ የበረረው ጌታ ቀበቶ ቋጥሮ መቀስ አስመጥቶናል» ስትል የቀበሮ ነገር አለቀ።

አንበሳ ወደ ጅብ ዞረ። «አንተስ ምን ትላለህ?»

አያ ጅቦ ቀበሮን አየ፣ አህያን አየ። ከዚያ እንዲህ ሲል ጠየቀ፦ «መመለሻውም በአውሮፕላን ነው?»

«ነው።»

«ከእሷ አጠገብ እቀመጣለሁ?»

እመት አህዪት በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

«እንግዲያው ምንጯ የአህዮቹ ናት» አለ ጅብ። «እኔ ከወንዙ እጠጣለሁ።»

እንዲሁ ተፈረደ። ቀበሮ እግሬን ላፍታታ ብሎ በገደሉ ዙሪያ በእግሩ ተነሣ። ጅብም የመመለሻ መሳፈሪያ ወረቀቱን በጥርሱ ይዞ፣ እመት አህዪት እንዳታመልጠው ከኋላ ከኋላዋ ይከተላት ጀመር።

ከመሄዷ በፊት ግን አንበሳ አስጠራት። ጠባቂዎቹን አስወጣ፣ በሩንም ራሱ ዘጋ። በሚመጣው ወር ከሐይቁ ማዶ ያሉት አማቾቹ ጠርተውታል፤ መንገዱም በሰማይ ነው።

«እመት አህዪት» አለ ድምፁን አሳንሶ፣ «የዚያ ቀበቶ ነገር እንዴት ነው?»

አልሳቀችም። ምላሱ ወዴት እንደሚገባ፣ ክዳኑ እንዴት እንደሚነሣ አስረዳችው። ስለ ጆሮም ነገረችው።

«ያ የሚጮኸውስ ክፍል?»

«ይጮሃል ጌታዬ፤ ግን አይበላም።»

ንጉሡ በረጅሙ ተነፈሰና እንደገና ከመጀመሪያው እንድትነግረው ለመናት።

ከዚህ የምንማረው፣ ለማያውቁት ጉዞ ከሁሉ የሚሻለው ስንቅ ሳያፍሩ መጠየቅ እንደሆነና ሌላውን ለማስቀረት የተፈጠረ ውሸት ግን ከፈጣሪው ጋር አብሮ እንደሚሳፈር ነው።